የልጁ ላፕቶፕ ምን ሆነ? የዋይፋይ ታሪክ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ላፕቶፑን ታቅፎ ቤቴ መጣ። እናቱም አብረውት ነበሩ። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፤ እናቱ እቁብ ሲደርሳቸው የገዙለት። ፈተናው እየቀረበ ነው፣ ልጁ የሚያጠናው ከኢንተርኔት በሚያወርዳቸው የቆዩ ፈተናዎች ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ዋይፋይ እምቢ ብሎታል።

«ቲቸር፣ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል፣ 3,500 ብር ይሆናል አሉኝ። ካልሆነም ፎርማት አድርገን እንየው አሉ።»

እናቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «መምህር፣ እውነት ተቃጥሎ ከሆነ ተበድሬም ቢሆን እከፍላለሁ። ብቻ እርግጡን ይንገሩኝ» አሉ።

እንግዲህ እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ የማውቃትን ጥያቄ ጠየቅኩት፦ «መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊትስ ምን ተለወጠ?»

ልጁ አሰብ አደረገና እንዲህ አለኝ። በፊት የሚጠቀመው በእናቱ ስልክ ሆትስፖት ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት እኅቱ ከዱባይ አዲስ ስልክ ላከችለት። በዚያው ሰሞን ላፕቶፑ ቻርጅ ሳይደረግ ብዙ ቀን ተቀምጦ ነበር። ሲከፍተው የአዲሱ ስልክ ሆትስፖት ስም አልመጣም። ጥገና ቤትም የሞከሩት በዚያው ስልክ ነው።

ላፕቶፑን ከፈትነው። የዋይፋዩን ምልክት ስንነካ የሁለት ጎረቤቶቼ ዋይፋይ ስም ብቅ አለ። የልጁ ስልክ ግን የለም። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የጎረቤትን ዋይፋይ ማየት የሚችል ካርድ እንዴት ተቃጠለ ይባላል? የሞተ ጆሮ የማንንም ድምፅ አይሰማም። ይሄ ጆሮ የአንዱን ሰምቶ የሌላውን ነው ያልሰማው። ለምን? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

ታሪኩ የሚጀምረው በሃዋይ ደሴቶች ነው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች በተለያዩ ደሴቶች ላይ ተበታትነው ነበር። ዋናው ኮምፒውተር ያለው ሆኖሉሉ ላይ ነው። በስልክ መስመር ማገናኘት ውድ ነው፣ መስመሩም አስተማማኝ አልነበረም። ኖርማን አብራምሰን የሚባል ፕሮፌሰርና ጓደኞቹ ታዲያ በራዲዮ እናገናኘው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 «አሎሃኔት» ሥራ ጀመረ።

ችግሩ ምን ነበር? ሁሉም የሚናገሩት በአንድ አየር ላይ ነው። ሁለቱ እኩል ከተናገሩ መልእክታቸው ይደበላለቃል። የአብራምሰን መፍትሔ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ሁለት ተማሪዎች አንዴ ላይ ከተናገሩ ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ትንሽ ይጠብቁና ደግመው ይሞክራሉ። የሚጠብቁት ጊዜ ግን እኩል መሆን የለበትም፣ እንደ ዕጣ የደረሳቸውን ያህል ነው። ያለበለዚያ እንደገና ይጋጫሉ። ይህ ሐሳብ በ1973 ሮበርት ሜትካፍ «ኢተርኔት»ን ሲፈጥር መነሻ ሆነው። ዛሬም ዋይፋይ መጀመሪያ ያዳምጣል፣ አየሩ ጸጥ ሲል ይናገራል፣ ካልተሳካለት ጠብቆ ይደግማል። ብዙ ሰው በአንድ ዋይፋይ ሲጠቀም የሚንቀራፈፈው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ወረፋ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «በየትኛው አየር ላይ?» የሚል ነው። የራዲዮ ሞገድ በፈቃድ የሚሰጥ ነገር ነው። ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ በየትም አገር ያስከስሳል። በ1985 ግን የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ማይክል ማርከስ በሚባል መሐንዲሱ ግፊት፣ ሦስት የሞገድ ክልሎችን ማንም ያለ ፈቃድ በአነስተኛ ኃይል እንዲጠቀምባቸው ከፈተ። አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ነው። ለምን እነዚህን? ማንም የማይፈልጋቸው «የቆሻሻ» ክልሎች ስለነበሩ ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀው በዚሁ በ2.4 አካባቢ ባለው ሞገድ ነው። ማይክሮዌቭ ሲሠራ አጠገቡ ያለ ዋይፋይ ቢቆራረጥ አትገረሙ፣ ጎረቤታሞች ናቸው። ዛሬ እያንዳንዳችን ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ቤታችን ውስጥ ዋይፋይ የምንዘረጋው በዚያ የተናቀ መሬት ላይ ነው።

ከዚያ ነጋዴዎች መጡ። ኤን-ሲ-አር የተባለው የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ አምራች ደንበኞቹ ሱቃቸውን ባስተካከሉ ቁጥር ኬብል እንደ አዲስ መዘርጋት አታክቷቸው ነበር። ኔዘርላንድስ ውስጥ ያሉት መሐንዲሶቹ ማሽኖቹን በራዲዮ ለማገናኘት ተነሡ። ነገር ግን እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ቋንቋ ከፈጠረ የአንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር አይግባባም። ስለዚህ ከ1990 ጀምሮ ቪክ ሄይስ በሚባል የዚያው ድርጅት ሰው ሊቀመንበርነት አንድ ኮሚቴ የጋራ ደንብ ለመጻፍ ተቀመጠ። ሰባት ዓመት ተከራከሩ። በ1997 «802.11» የሚባለው ደንብ ጸደቀ። ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነበር። በነገራችን ላይ አገራችን ለሕዝብ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችውም በዚያው በ1997 ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ፌስቡክ ላይ በየጊዜው የሚዞረውን አንድ ነገር ላስተካክል። «ዋይፋይን የፈጠረችው የሆሊውድ ተዋናይት ሄዲ ላማር ናት» የሚለውን። ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል በ1942 ከሞገድ ወደ ሞገድ እየዘለለ የሚሄድ የቶርፔዶ መቆጣጠሪያ ፓተንት ማግኘታቸው እውነት ነው። ትልቅ ሥራ ነው፣ ሊከበርላቸው ይገባል። የ1997ቱ ደንብም መዝለልን እንደ አንድ አማራጭ ይዞት ነበር። በኋላ የተስፋፋው ዋይፋይ ግን በሌላ ዘዴ ነው የሚሠራ። ዛሬም እየዘለለ የሚሄደው ብሉቱዝ ነው። ዋይፋይ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት የለውም፤ የብዙ ሰው ልጅ ነው።

ከነዚያ ብዙ ሰዎች መካከል አውስትራሊያውያንን አለመጥቀስ ነውር ነው። ራዲዮ ቤት ውስጥ ሲላክ ከግድግዳ ከጣሪያው እየነጠረ እንደ ገደል ማሚቶ ይደጋገማል። ያው መልእክት በተለያየ ጊዜ ሲደርስ ይደበላለቃል። ጆን ኦሱሊቫን የሚባል ሳይንቲስት ቀደም ሲል ከጥቁር ጉድጓዶች ፍንዳታ ሊመጣ የሚችል ደካማ የራዲዮ ምልክት ሲፈልግ ነበር። ምልክቱን አላገኘም። ከዚያ ሥራ ያካበተውን ዕውቀት ግን ሲ-ሳይሮ በሚባለው የምርምር ተቋም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ማሚቶውን ለመፍታት ተጠቀመበት። የአሜሪካ ፓተንታቸው በ1996 ጸደቀ። የእኛ ቤት ቆርቆሮ ደግሞ ሞገዱን በደንብ አድርጎ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ዋይፋይ ከደከመባችሁ ዕቃውን ከመክሰሳችሁ በፊት ቦታ ቀይሩና ሞክሩ።

አሁን ወደ ልጁ ችግር ደረስን። 1999 ላይ ነው ያለነው። በዚያ ዓመት አንድ ሳይሆን ሁለት አዳዲስ ደንቦች ወጡ። አንደኛው «ቢ» ተባለ፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ፣ በሰከንድ 11 ሜጋቢት። ሁለተኛው «ኤ» ተባለ፤ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ፣ በሰከንድ 54 ሜጋቢት። «ዋይፋይ» የሚለው ስምም በዚያው ዓመት ከአንድ የስም አውጪ ድርጅት ተገዛ። የምንም ቃል ምህጻር አይደለም፣ ለጆሮ ስለሚጥም ብቻ ነው የተመረጠው። በዚያው ክረምት ስቲቭ ጆብስ «አይቡክ» የሚባለውን ላፕቶፕ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ሽቦ እንደሌለው ለማሳየት ላፕቶፑን በትልቅ ቀለበት ውስጥ አሳለፈው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ገበያውን የወሰደው «ቢ» ነው። ርካሽ ነበር፣ ሞገዱም ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግድግዳም ያልፋል። የ5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ውድ ነበር፣ ርቀትም አይወድም። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ርካሽ ላፕቶፖች የሚሠሩት 2.4ን ብቻ የሚሰማ ካርድ ተገጥሞላቸው ነበር። አዳዲሶቹ ስልኮች ግን ሁለቱንም ይናገራሉ፤ አንዳንዶቹም ሆትስፖት ሲከፈት በቀጥታ በ5 ጊጋኸርዝ ይጀምራሉ።

ገባችሁ አይደል? የእናቱ አሮጌ ስልክ የሚናገረው በ2.4 ነው፣ አሮጌው ላፕቶፕ ይሰማዋል። የዱባዩ ስልክ የሚናገረው በ5 ነው፣ ላፕቶፑ ጆሮ የለውም። የተቃጠለ ነገር የለም። በ1999 የተከፈለ መንገድ ልጁ ክፍል ውስጥ ተገናኝቶ ነው ያልተግባባው።

የስልኩን የሆትስፖት ማስተካከያ ከፈትን። «ባንድ» የሚል ቦታ አለ። ከ5 ወደ 2.4 ቀየርነው። ሆትስፖቱን አጥፍተን አበራን። የስልኩ ስም ላፕቶፑ ላይ ብቅ አለ! እናቱ «እልልል» ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔም ልቤ አብጦ ነበር፣ አልዋሽም።

ልጁ የይለፍ ቃሉን አስገባ። ይሄም የራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያው የዋይፋይ ቁልፍ «ዌፕ» ይባል ነበር። በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የሚባሉ ሦስት ሊቃውንት እንዴት እንደሚሰበር አሳዩ። ስለዚህ በ2003 «ደብሊው-ፒ-ኤ»፣ በ2004 ሁለተኛው፣ በ2018 ሦስተኛው መጣ። የይለፍ ቃላችሁ ትክክል ሆኖ አሮጌ ዕቃ አልገባም ካለ፣ ስልኩ ሦስተኛውን ቁልፍ ብቻ እየጠየቀ እንደሆነ ተመልከቱ። ወደ ሁለተኛው መልሱት። የልጁ ስልክ በሁለተኛው ስለነበር ላፕቶፑ ገባ።

ተገናኘ። ግን... ገጹ አልተከፈተም።

የልጁ ፊት ጠቆረ። «አይ ቲቸር፣ በቃ ተበላሽቷል ማለት ነው» አለ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ችግር ስትፈታ ከሥሩ ሌላ ከወጣ መጀመሪያ የፈታኸው ትክክል አልነበረም ማለት አይደለም። ሁለት ችግር ተደራርቦ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ደረጃ በደረጃ ሄድን። መጀመሪያ፣ ላፕቶፑ አድራሻ አግኝቷል ወይ? እያንዳንዱ ኮምፒውተር በመረብ ላይ «አይፒ» የሚባል ቁጥር ያስፈልገዋል። ድሮ ባለሙያው በየኮምፒውተሩ እየዞረ ቁጥሩን በእጁ ይጽፍ ነበር። ሁለት ኮምፒውተር አንድ ቁጥር ከደረሳቸው ይጣላሉ። በ1993 «ዲ-ኤች-ሲ-ፒ» የሚባል ደንብ ወጣ፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ቁጥር የሚያድል በረኛ በሉት። ቁጥራችሁ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፑ በረኛውን ስላጣ ለራሱ ቁጥር ፈጥሯል ማለት ነው። ያኔ ሆትስፖቱን ወይም ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ላፕቶፑም ያንን ዋይፋይ እንዲረሳው አድርጋችሁ እንደገና አስገቡት። የልጁ ቁጥር ግን ደህና ነበር።

ሁለተኛ፣ ስም ወደ ቁጥር ይቀየራል ወይ? ድሮ የመረቡ ኮምፒውተሮች ሁሉ ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ተጽፎ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይቀመጥ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው በሥራ ሰዓት ደውሎ በኤልዛቤት ፋይንለር ቡድን ያስመዘግባል። መረቡ ሲያድግ ይህ የማይቻል ሆነ። በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ «ዲ-ኤን-ኤስ» የሚባለውን የተከፋፈለ የስም ማውጫ አመጣ። ሙከራው ቀላል ነው። ለ8.8.8.8 ፒንግ ስታደርጉ መልስ እየመጣ በስም ስትሞክሩ እምቢ ካለ የታመመው የስም ማውጫው ነው። በቁጥርም በስምም ሞከርን። ሁለቱም መለሱ።

ታዲያ ምን ቀረ? ገጹ ላይ የሚለውን በደንብ አነበብነው። «ግንኙነትህ ሚስጥራዊ አይደለም» ይላል በእንግሊዝኛ። ልጁ «ቲቸር፣ ሃክ ተደርጌ ነው እንዴ?» አለኝ።

ከላፕቶፑ ጥግ ላይ ያለችውን ቀን አየኋት። ዓመቱ 2018 ይላል።

«ይሄን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኛ! ቻርጅ አልቆበት ስከፍተው ቀኑ ጠፍቶ ነበር። አስተካከልኩት። ዘንድሮ 2018 ነው አይደል ቲቸር?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እውነቱን ነው እኮ! ዘንድሮ 2018 ነው። ለእኛ። ለላፕቶፑ ግን 2026 ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኔትስኬፕ የተባለው ድርጅት በ1995 የኢንተርኔት ግብይት እንዳይሰረቅ የሚያደርግ ምስጢራዊ ግንኙነት አስተዋወቀ። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በዚያ ዘር በመጣ ዘዴ ነው የሚከፈተው። ድረ ገጹ «እኔ እኔው ነኝ» የሚል ሰርተፍኬት ያሳያል፣ ሰርተፍኬቱም ልክ እንደ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ዕድሜው አጭር ነው፣ ከዓመት ብዙም አያልፍም። ላፕቶፑ ቀኑን 2018 ብሎ ሲያይ የቀረበለት መታወቂያ ሁሉ ገና ወደፊት የሚሰጥ ሆነበት። ስለዚህ «ይሄ ሐሰተኛ ነው» ብሎ በሩን ዘጋ። ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር!

ይህ ልዩነት ደግሞ ከየት መጣ? ብዙ ሰው በ1582 የወጣው የጎርጎርዮስ ማሻሻያ ያመጣው ይመስለዋል። እሱ ያስተካከለው ቀኖችን ነው። የሰባት ስምንት ዓመቱ ልዩነት የመጣው የጌታ ልደት መቼ ነው በሚለው ስሌት ነው። እኛ በ400 ዓመት አካባቢ የኖረውን የእስክንድርያውን መነኩሴ የአኒያኖስን ስሌት ይዘን ቀረን። ምዕራባውያን ደግሞ ዲዮናስዮስ የሚባል መነኩሴ በ525 ያሰላውን ተቀበሉ። ሁለት መነኮሳት ከ1,500 ዓመት በፊት ያልተስማሙበት ነገር በ12ኛ ክፍል ተማሪ ላፕቶፕ ላይ በር ዘጋ። ታሪክ አለፈ የሚለኝ ሰው ካለ ይሄን ላሳየው።

ዓመቱን 2026 አደረግነው፣ ወሩንና ቀኑንም በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱንም በነሱ አቆጣጠር። ገጹ ተከፈተ። የመጀመሪያው የፊዚክስ ፈተና መውረድ ጀመረ።

እናቱ ዝም ብለው ሲያዩን ቆይተው «ታዲያ ካርዱስ?» አሉኝ።

«ካርዱ ደህና ነው እትዬ። ቀኑን የሚይዝለት ትንሽ ባትሪ ውስጡ አለ፣ እሱ ሳይደክም አልቀረም። እስኪቀየር ድረስ ቻርጁን ሙሉ በሙሉ አያስጨርሰው።»

ጥገና ቤቱን ሌባ አልልም። ምናልባት ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፦ «መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተለወጠ?» ካርድ አይሞትም ማለቴም አይደለም። የሚታይ ዋይፋይ በየትም ቦታ ከሌለ፣ የዋይፋይ ማጥፊያው ወይም የአውሮፕላን ምልክቱ ሳይነካ፣ ኮምፒውተሩም በዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ ካርዱን ጨርሶ ካላገኘው፣ ያኔ ሞቶ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜም በዩኤስቢ የምትሰካ ትንሽ ዋይፋይ ገዝቶ መሞከር ይቻላል።

እኛ ግን ሁሉንም ነገር «ኔትወርክ የለም» በምትል አንዲት ቃል እንጠቀልላለን። ቃሏ ውስጥ አምስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። ይሰማል ወይ? ቁልፉ ይስማማል ወይ? አድራሻ አግኝቷል ወይ? ስሙን ያውቃል ወይ? ቀኑ ልክ ነው ወይ? እያንዳንዱን ጥያቄ አንድ ሰው በአንድ ዓመት ተቸግሮበት መልስ ሰጥቶታል። በቅደም ተከተል የጠየቀ ሰው ኪሱን ከመክፈቱ በፊት ችግሩ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ያውቃል።

ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ታሪክ ምን ይጠቅማል?» ሲሉኝ ብዙ ጊዜ ረጅም መልስ እሰጥ ነበር። ከቅዳሜ ወዲህ መልሴ አጭር ሆኗል፦ 3,500 ብር።

ልጁ ፈተናውን ይለፍልኝ። ላፕቶፕ እምቢ ያለው ሰው ካወቃችሁ ይሄን አድርሱለት። ሰላም እደሩ።